«የላም በረት» የሚል ሰው ያለው ስልክ፦ ልጆችን በዲጂታል ተረት እንዴት እናስነብብ?

ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። መብራት ሄዷል። ስልኬ ላይ የቀረው ባትሪ 31 በመቶ ነው። የአራት ዓመቷ ሚጡና የሰባት ዓመቱ ማሙሽ ስልኩን ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ። እሷ ቪዲዮ ትፈልጋለች። እሱ ጌም ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሽንኩርቱ ሳያርብኝ ወጡን መጨረስ እፈልጋለሁ።

እውነቱን ልናገር። ሚጡን በስልክ ነው ሳበላት የኖርኩት። ቪዲዮ ይከፈታል፣ አፍ ይከፈታል፣ ጉርሻ ይገባል። አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ካየች በኋላ «ምን አየሽ?» አልኳት። «መኪና» አለችኝ። «መኪናው ምን ሆነ?» ስላት «እኔ እንጃ» አለች። በቃ። በዚያው ሳምንት እናቴ ቡና ላይ የነገረቻትን የጅብና የአህያ ተረት ግን ለጎረቤት ልጅ፣ ለባለሱቁ፣ ለአሻንጉሊቷ ሳይቀር ስታወራ ሰነበተች። ጅቡ ሲመጣ ድምፅዋን ልክ እንደ አያቷ ታጎረንናለች።

ጥፋቱን ሁሉ ስክሪኑ ላይ መጫን ቀላል ነበር። ግን አባባ ተስፋዬም እኮ በስክሪን ነበር ተረት የሚነግሩን። እኛ ታዲያ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለን፣ ሰላምታቸውን ጮኸን እየመለስን ነበር የምናየው። ሲያልቅ ደግሞ ተረቱን ደጅ ወስደን እንደገና እናወራዋለን። ሚጡ የምታየው ቪዲዮ ግን መልስ አይጠብቅም። «ተረት ተረት» ብሎ የሚጀምርላት፣ «የላም በረት» ስትለው የሚሰማት የለም።

ስለዚህ በቤታችን አንዲት ሕግ አወጣሁ። ስልኩ ተረቱን ይያዝ፤ «የላም በረት» የሚል ሰው ግን አጠገቡ ይኑር። ከዚህ በታች የምጽፈው ይቺን ሕግ እንዴት እንደምንኖርባት ነው።

1. ሰዓቱን በቡና ለኩት

መጀመሪያ ዕድሜ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ተቀምጦ ስክሪን ማየት አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። ያው መመሪያ ልጁ በሚቀመጥበት ጊዜ ከአሳዳጊው ጋር ማንበብንና ተረት ማውራትን ያበረታታል። ሕፃን ያላችሁ እንግዲህ ስልኩን ተዉትና በአፋችሁ ተርቱለት። ዳታም አይፈጅም።

ለሌሎቻችን ጥያቄው «መቼ ይጀመር፣ መቼ ያብቃ?» ነው። እኔ በሰዓት ሞክሬ አልሆነልኝም። ሰዓት ለማታውቅ ልጅ «20 ደቂቃ» ማለት ባዶ ቃል ነው። በቡና ሲሆን ግን ገባት። አቦሉ ሲቀዳ ስልኩ ይወጣል። በረካው ሲጠጣ ይዘጋል። ቶና ላይ «ሁለተኛው መጽሐፍ ነው፣ አንድ ይቀራል» እላለሁ። ጀበናውን በዓይኗ ታየዋለቻ! ሲነሳ ማለቁን ራሷ ታውቃለች፤ ጨካኟ እናት እኔ መሆኔ ቀረ።

ማታ ቡና የማታፈሉ ከሆነ ሌላ የሚታይ ነገር ፈልጉ። ወጡ ከተጣደ እስኪወጣ፣ ወይም አባታቸው ገላውን ታጥቦ እስኪመጣ። ብቻ መጀመሪያውና መጨረሻው በዓይን የሚታይ ይሁን። ከመኝታ በፊት ያለችውን የመጨረሻ ሰዓት ግን ለስልክ አትስጡ። እኛ ቤት ተሞክሯል፤ ሚጡ እስከ አራት ሰዓት ዓይኗ ፈጦ አመሸች።

2. ስልኩን አጽዱት

አዲስ ታብሌት መግዛት አያስፈልግም። የኛ የተረት ስልክ ባለቤቴ የጣለው አሮጌ አንድሮይድ ነው። ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ካሜራው ደብዝዟል፣ ሲም የለውም። ሲም የሌለው መሆኑ እንዲያውም በረከት ነው። ተረቱ መሀል ማንም አይደውልም።

የራሳችሁን ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት ኤርፕሌን ሞዱን አብሩት። ጥሪው፣ የቴሌግራሙ ቲን ቲን፣ በየመሀሉ ብቅ የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ ጸጥ ይላል። የብርሃኑን መጠን ቀንሱት፤ በተለይ መብራት በሌለበት ማታ።

ቀጥሎ ልጁ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ሌላ ነገር እንዳይሄድ መቆለፍ ነው። ይህን ብዙ ወላጅ አያውቀውም፤ እኔም በቅርቡ ነው ያወቅኩት። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ሴኩሪቲ የሚለውን ክፈቱ። አፕ ፒኒንግ ወይም ስክሪን ፒኒንግ የሚል አለ። ቦታው እንደ ስልኩ ዓይነት ይለያያል፤ ካጣችሁት ሴቲንግ ላይ ባለው መፈለጊያ «ፒን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። አብሩት። ሲወጣ የይለፍ ቁጥር እንዲጠይቅ የሚያደርገውንም ምረጡ። ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱ፣ የተከፈቱት አፖች ተደርድረው የሚታዩበት ገጽ ላይ ሂዱ፣ የአፑን ምልክት ተጭናችሁ «ፒን» በሉት። አለቀ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ከዚያ አፕ አይወጣም።

ስልኩ በጣት በሚሳል መስመር የሚከፈት ከሆነ ወደ ቁጥር ቀይሩት። ሚጡ የኔን መስመር መቼ እንዳጠናችው አላውቅም፤ አንድ ቀን ከኔ ቀድማ ሣለችው።

3. መጽሐፉ ከየት ይመጣል?

በነጻ፣ በአማርኛ፣ ያለ ስርቆት የሚገኝባቸው ጥሩ ቦታዎች አሉ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ጎግል ላይ ፈልጉ።

ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ አንዱ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ ላይ ነበር። ለሀዋሳ ሰው የምወድለት ነገር ከአማርኛና ከአፋን ኦሮሞ ሌላ የሲዳሙ አፎ፣ የወላይትኛና የሀዲይኛ የልጆች መጻሕፍትም ያሉት መሆኑ ነው። እኛ ግቢ ውስጥ አራት ቋንቋ ይነገራል። ልጁ ቤቱ በሚሰማው ቋንቋ ቢጀምር ይቀለዋል።

አፍሪካን ስቶሪቡክ መሠረቱ ደቡብ አፍሪካ ነው። ታሪኮቹ የኛኑ ኑሮ ይመስላሉ፤ ፍየል፣ ገበያ፣ አያት፣ ውሃ ቀጂ ልጅ። መጽሐፎቹ በደረጃ የተከፈሉ ናቸው። በአንድ ገጽ አንድ ቃል ካላቸው ተነስቶ ረጃጅም አንቀጽ እስካላቸው ድረስ ይሄዳል። ስቶሪዊቨር ደግሞ የሕንዱ ፕራታም ቡክስ በ2015 እ.ኤ.አ. የከፈተው ነው። እሱም አራት የንባብ ደረጃ አለው። ሥዕሎቹ በጣም ያምራሉ፤ ዝሆኑና ሳሪው ሲበዛ ግን ልጆች «ይሄ የት ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ይጠይቁ፤ ጥሩ ወሬ ይወጣዋል።

የሦስቱም ጥቅም መጽሐፎቹ ለመውሰድ፣ ለማተምና ለሰው ለማካፈል የተፈቀዱ መሆናቸው ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ስካን የተደረገ መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተለቀቀ ነው። የአገራችን የልጆች ደራሲ ስንት ኮፒ ሸጦ ነው የሚኖረው? እሱን ከመጽሐፍ መደብር ግዙ።

ማውረዱን በሌሊት ጥቅል ወይም በቢሮ ዋይፋይ አድርጉት። አንድ የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ከአንድ ረዘም ያለ ቪዲዮ ያንሳል። በፒዲኤፍ አውርዱት፤ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። «ተረት» የሚል ፎልደር ክፈቱና እዚያ ክተቱት።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን በስስት 60 መጽሐፍ አወረድኩ። ልጆቹ ሽፋን ሲያገላብጡ አመሹ። አንዱንም አልጨረስንም። አሁን በሳምንት አምስት ብቻ ፎልደሩ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ሁለቱ ይወጣሉ፣ ሁለት አዲስ ይገባሉ። የሚወደደው አይነካም።

እግረ መንገዴን፦ ሀዋሳ መጽሐፍ ልጆች ወዳሉበት ሲመጣ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ሲኤንኤን በ2008 እ.ኤ.አ. ጀግና ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነበሩ። እሳቸው ከመሠረቱት አንዱ የሆኑበት ኢትዮጵያ ሪድስ በአህያ የሚጎተት የልጆች ላይብረሪ የጀመረው በዚችው ከተማ ነው። ጋሪው መጽሐፍ ያመጣል፣ ልጅ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ ያነባል፣ ይነበብለታል። እኔም ከስልኩ የምፈልገው ከዚያች አህያ ሥራ የበለጠ አይደለም።

4. ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከነዚህ መጽሐፎች ብዙዎቹን የተረጎሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን አንዳንዱ አማርኛ ጉድ ነው። «እሷ ነበራት በጣም ትልቅ ደስታ በልቧ ውስጥ» ዓይነት። እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው ሀዋሳም ሆነ ጎጃም አይገኝም። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም ሥዕሉ ጥሩ ከሆነ መጽሐፉን አልጥለውም። በቃሌ አስተካክዬ «ደስ አላት» ብዬ አነበዋለሁ። ማሙሽ ራሱ እንዲያነበው ከሆነ ግን አልሰጠውም። ማንበብ እየተማረ ያለ ልጅ የተሰባበረ አማርኛ ሲያጋጥመው ጥፋቱ የሱ ይመስለዋል።

ሁለተኛው የምታዩት ነገር ጌሙ ነው። ሲነኩት የሚጮህ ላም፣ የሚፈነዳ ፊኛ፣ በየገጹ ኮከብ የሚሰጥ የተረት አፕ አለ። አንዱን ጭኜ ነበር። ሚጡ ላሟን 40 ጊዜ አስጮኸቻት፤ ታሪኩ ስለ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ለካ ይህ የሷ ችግር ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 43 ምርምሮችን አንድ ላይ አድርጎ አይቶት ነበር። ከታሪኩ ጋር የሚሄድ ድምፅና የሚንቀሳቀስ ሥዕል ልጁ እንዲገባው ያግዛል። በየቦታው የሚነካ ጌም ግን ሐሳቡን ይበትነዋል። ስለዚህ መለኪያዬ ቀላል ነው። ላሟ የምትጮኸው ታሪኩ ውስጥ ስለምትጮህ ከሆነ ደህና። ስለተነካች ብቻ ከሆነ አፑን አጥፉት።

ለአራት ዓመት ልጅ በአንድ ገጽ ከአንድ እስከ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ገጹን ትገልጠዋለች።

5. አብሮ ማንበብ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 37 ወላጆች ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ሲያነቡ ተከታትለው ነበር። ወላጅና ልጅ የወረቀት መጽሐፍ ሲይዙ ብዙ ያወራሉ። ታብሌት ሲይዙ ወሬው ያንሳል፤ የሚወራውም ስለ ታሪኩ መሆኑ ይቀርና ስለ ዕቃው ይሆናል። «ተይ አትንኪው» ዓይነት። ሳነበው የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እኔ ብቻዬን ማታ ማታ ስንት ጊዜ «አትንኪው» እንደምል እግዜር ይቁጠረው።

ያንን ለመቀነስ ጣትን እንከፋፈላለን። ስልኩን አግድም አድርጌ የምይዘው እኔ ነኝ። ሚጡ ጭኔ ላይ፣ ማሙሽ በቀኜ። ገጽ የመግለጥ ሥልጣን በየተራ ነው፤ አንድ መጽሐፍ የሷ፣ አንድ መጽሐፍ የሱ። ተራው የሆነው ልጅ የሚገልጠው «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» የሚለውን ከገመተ በኋላ ነው። ልክ ቢሆንም ባይሆንም ይገልጣል። ይህች ትንሽ ነገር «አትንኪው»ን ግማሽ በግማሽ ቀነሰችልኝ።

ንባቡ ይህን ይመስላል። ፍየል ደብተር የበላችባት ልጅ ታሪክ ነው።

«ተረት ተረት።»

«የላም በረት!»

አንድ ሁለት ገጽ አነባለሁ። ከዚያ ቆም እላለሁ። «አሁን ልጅቷ ምን ትሆናለች?»

ሚጡ፦ «ታለቅሳለች።»

«ለምን?»

«ተበላ።»

«አዎ፣ የቤት ሥራ የሠራችበት ደብተር ስለተበላ ታለቅሳለች። አንቺ ብትሆኚ ለአስተማሪሽ ምን ትያለሽ?»

«ፍየል በላችብኝ።»

«ታምንሻለች?»

ማሙሽ ከጎን፦ «አታምናትም! እኔ ውሻ በላብኝ ስላት አመነችኝ እንዴ?»

ይህን ወሬ የሰማሁት ያን ማታ ነው። ደብተሩ የት እንደገባ በሌላ ቀን ተጣራ።

ያደረግኩትን አያችሁት? ሚጡ «ተበላ» አለች። እኔ ያንኑ ቃል ወስጄ ትንሽ አስረዝሜ መለስኩላት። «የቤት ሥራ የሠራችበት ደብተር ስለተበላ።» ልክ አይደለሽም አላልኳትም፤ ድገሚም አላልኳትም። በሦስተኛው ቀን «የቤት ሥራ የሠራችበት» የሚለውን ራሷ ብላዋለች። ከዚያ ጥያቄውን ከመጽሐፉ አውጥቼ ወደ ሕይወቷ አመጣሁት።

ልብ በሉ፣ ፈተና አይደለም። «ይሄ ምን ቀለም ነው? ይሄስ? ስንት ናቸው?» እያላችሁ በየገጹ ብታፋጥጧት ስልኩን ትታ ትሄዳለች። እውነቷን ነው። በአንድ መጽሐፍ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ቀሪውን አንብቡ፣ ድምፅ ቀይሩ፣ ጅቡን አጎርንኑ። አፍሬ ነበር መጀመሪያ፤ ባለቤቴ ሲስቅብኝ። አሁን ጅቡ የሱ ድርሻ ሆኗል።

ያንኑ መጽሐፍ አሥር ጊዜ ቢሏችሁ አሥር ጊዜ አንብቡ። ይሰለቻል፤ አውቃለሁ። በስድስተኛው ላይ አንድ ቃል ሆን ብላችሁ አሳስቱ። «ፍየሏ ጫማዋን በላች» በሉ። የሚነሳውን ጩኸት ትሰሙታላችሁ።

6. ፊደል ለጀመረው ልጅ

ማሙሽ አንደኛ ክፍል ነው። የፊደል ገበታው 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ይሆናል። ገበታውን በዜማ ይወርደዋል። «ሀሁሂሃ» ላይ ማንም አይቀድመውም። መጽሐፍ ውስጥ «ሂ»ን ለብቻዋ ሲያገኛት ግን ከ«ሀ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት።

ስለዚህ አደን እንወጣለን። «ዛሬ የምናድነው የ‹ጠ› ቤተሰብን ነው» እላለሁ። ከ«ጠ» እስከ «ጦ» ገጹ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ በጣቱ ይነካል፣ ይጠራል። ለአንድ ማታ አንድ ቤተሰብ ብቻ።

ስልክ ከወረቀት የሚበልጥበት አንድ ቦታ ቢኖር እዚህ ነው። «ደ»ና «ጀ»፣ «ሰ»ና «ሸ»፣ «ተ»ና «ቸ»፣ «ነ»ና «ኘ» አናታቸው ላይ ባለች ትንሽ መስመር ነው የሚለያዩት። ልጁ ሲያምታታቸው በሁለት ጣት ገጹን አሳድጉለት። «ኘ» ስክሪኑን እስክትሞላ። «ባርኔጣ አድርጋለች!» አለ ማሙሽ። ከዚያ ወዲህ «ባርኔጣ አላት ወይስ የላትም?» ማለት ብቻ ይበቃናል።

ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። ጽሑፋችን አያሳየውም፤ ልጅ ደግሞ ከጽሑፍ ሊያውቀው አይችልም። አንድ መጽሐፍ ላይ «ዋና እወዳለሁ» ይላል። ማሙሽ «ና»ን አጥብቆ፣ «ዋና መሥሪያ ቤት» እንደሚባለው አድርጎ አነበበው። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ! አልተቆጣሁትም። «ልጁ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ምን እያደረገ ነው?» አልኩት። ሥዕሉን አየና ራሱ ሳቀ። ሲሳሳት ቶሎ አትንገሩት። እስከ አምስት ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለስበታል።

ሲለምደው ለእህቱ ያንብብላት። ለሷ ሲያነብ እኔ ከማስጠናው ይልቅ ይጠነቀቃል። «የላም በረት» የምትለው እሷ ስለሆነች ይመስለኛል።

7. የራሳችሁን መጽሐፍ ሥሩ

ይህን ለቅዳሜ አስቀምጡት። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ልጆቼ ከሁሉም የሚወዱት ይህን ነው።

የኛ የመጀመሪያ መጽሐፍ የተወለደው አሞራ ገደል ነው። ዓሳ ልንበላ ሄድን። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትላልቅ ወፎች፣ እንደ ልማዳቸው ዓሳ የሚያጸዱት ሰዎች ዙሪያ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ሚጡ አንዱን ፊት ለፊት አየችውና «እማዬ፣ ለምንድነው ጸጉር የሌለው?» አለች። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። እቤት እስክንደርስ ባጃጅ ውስጥ ታሪኩ አለቀ። አባ ኮዳ ድሮ ረጅም ጸጉር ነበረው። ዓሳ ሊሰርቅ ጭንቅላቱን መረብ ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው ጸጉሩ መረቡ ላይ ቀረ። አሁንም ቆሞ የሚጠብቀው ዓሳውን አይደለም፤ ጸጉሩን እንዲመልሱለት ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ወደ መጽሐፍ ለመቀየር ታሪኩን በስድስት ገጽ ክፈሉት። በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ልጁ ሲናገር እናንተ ጻፉ፤ ቃሉን አታሳምሩበት። ከዚያ ለየገጹ አንድ ሥዕል በወረቀት ይሣል። በቀለም፣ በእስክሪብቶ፣ በከሰል፣ ባገኛችሁት።

ሥዕሉን ፎቶ የምታነሱት ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ ነው። ወረቀቱን መሬት ላይ አንጥፉና ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። ማታ በአምፖል ያነሳናቸው ሁሉ ቢጫ ሆነው፣ የራሴ ጭንቅላት ጥላም ወርዶባቸው እንደገና ተነስተዋል።

ቀጥሎ ጎግል ስላይድስን ወይም ፓወርፖይንትን ስልካችሁ ላይ ክፈቱ። ለየገጹ አንድ ስላይድ። ሥዕሉ ከላይ ሁለት ሦስተኛውን ይያዝ፣ ዓረፍተ ነገሩ ከታች በትልቁ ይጻፍ። አማርኛ ኪቦርድ ከሌላችሁ የጎግሉ ጂቦርድ ውስጥ አለ፤ ቋንቋ የሚለው ላይ ገብታችሁ ጨምሩት። ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) ራቁ፤ ስልክ ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። እንደ ኒያላና አቢሲኒካ ያሉት፣ በየስልኩ የሚነበቡት የዩኒኮድ ፎንቶች ደህና ናቸው። ሲያልቅ ፕሪንት የሚለውን ተጫኑና በፕሪንተር ፋንታ ፒዲኤፍ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ምረጡ። ሽፋኑ ላይ የልጁን ስም መጻፍ እንዳትረሱ። «ደራሲ» የሚለውን ቃል ሚጡ ገና አስተካክላ አትጠራውም፤ መሆኗን ግን ለሁሉም ትናገራለች።

ከዚያ ድምፅ። በስልኩ መቅረጫ እናቴን አስነበብኳት። ገጽ የሚገለጥበት ቦታ ላይ በስኒ ማንኪያ ሲኒውን ጠቅ ታደርገዋለች። ልጆቹ ጠቅታውን ሲሰሙ ይገልጣሉ። እኔ ሥራ በማመሽበት ቀን «ተረት ተረት» ባይዋ አያታቸው ናት፤ ቤት ባትኖርም። ቀረጻው ላይ «ተረት ተረት» ብላ ዝም ትላለች። እስኪመልሱላት የምትጠብቅ ነው የሚመስለው።

ጎረቤታችን እማማ ደግሞ አንድ ተረት በሲዳሙ አፎ ቀረጹልን። እሱን መጻፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ሲዳሙ አፎ የሚማር የጎረቤት ልጅ ጻፈልን። አሁን ግቢው ውስጥ ሦስት መጽሐፍ አለን።

የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብትለቁት ዘመድ ይደሰታል። የልጆቹን ፊት፣ ትምህርት ቤታቸውንና ሙሉ ስማቸውን የያዘ መጽሐፍ ግን ለማንም ክፍት በሆነ ቦታ አትልቀቁ። የአባ ኮዳው ፊት ይበቃል።

8. ያለ ለቅሶ መዝጋት

በረካው ደረሰ። መጽሐፉ አለቀ። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እላለሁ። ድሮ እንዲያው የአፍ ልማድ ነበር። አንድ ማታ ግን የእውነት ዳቦ አመጣሁ። ለየአንዳንዳቸው አንድ ቁራሽ። ስልኩን መልሰው ለኔ የሚሰጠኝ ልጅ ነው ቀድሞ የሚቆርሰው።

በቃ፣ ዘዴው ይኸው ነው። መንጠቅ የለም፣ «በቃ አልኩ!» የለም። ስልኩ ይመጣል፣ ዳቦው ይሄዳል። ዳቦ በሌለበት ቀን ቆሎም ይሠራል።

የማይሠራበት ቀንም አለ። ደክሞኝ ስገባ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ልጅ ሲያተኩሰው፣ እንደ ድሮው ቪዲዮ ከፍቼ የምሰጥበት ማታ አለ። በማግስቱ ወደ አቦሉ እንመለሳለን።

ትናንት ቶና ላይ ሆነን የስልኩ ባትሪ አለቀ። መብራትም የለም። የአባ ኮዳው መጽሐፍ አራተኛ ገጽ ላይ ነበርን። ሻማ ልፈልግ ብድግ ስል ሚጡ ጨለማው ውስጥ ቀጠለችው። «ጭንቅላቱን ሲያወጣው ጸጉሩ የለም!» አምስተኛውን ገጽ አለች፣ ስድስተኛውን አለች። ማሙሽ በሲኒ ጠቅ ያደርግላታል። ከዚያ እጇን ዘረጋችና ዳቦዋን ጠየቀች።